ሴል ውስጥ ዕቃ የሚያመላልሰው ማን ነው? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ባለፈው እትም ስለ ሞተር ፕሮቲኖች አንዲት ገጽ ጽፌ ነበር። ላላነበባችሁ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ሴል ውስጥ ማይክሮቲዩብል የሚባሉ ቀጫጭን ሐዲዶች ተዘርግተዋል። ኪኔሲን የሚባለው ፕሮቲን ዕቃ ይዞ በአብዛኛው ከመሃል ወደ ዳር ይሄድባቸዋል፣ ዳይኒን ደግሞ ከዳር ወደ መሃል ይመለስባቸዋል። ሦስተኛው ማዮሲን ነው፤ ጡንቻችንን የሚያኮማትረው እሱ ነው፣ የሚሠራውም አክቲን በሚባል ሌላ ክር ላይ ነው። ይኼን ብቻ ነበር ያልኩት፤ ጥያቄው ግን ጎረፈ። ተመሳሳዩን አንድ ላይ አድርጌ፣ ሰላምታውንና ምርቃቱን ቆርጬ (አሜን ብያለሁ) እነሆ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ቲክቶክ ላይ ሁለት እግር ያለው ነገር ትልቅ ፊኛ እየጎተተ ገመድ ላይ ሲራመድ አየሁ። «አሁን በሰውነትህ ውስጥ እየሆነ ያለው ይህ ነው» ይላል። እውነት ነው ወይስ ፈጠራ? (ከአዲስ አበባ)

ሁለቱም። ምስሉ በኮምፒውተር የተሠራ ነው፣ ፕሮቲኑ ግን የምር አለ። ኪኔሲን ነው። አረማመዱም በመሠረቱ ልክ ነው፤ አንዱ እግር ሐዲዱን እንደያዘ ሌላው አልፎት ይረግጣል።

ይህ እንዴት ታወቀ ካልክ፣ በ1993 የስቲቨን ብሎክ ቡድን በሌዘር ጨረር የተያዘች ኢምንት ዶቃ ኪኔሲን እንዲጎትታት አደረገ። ዶቃዋ ተንሸራታ አልሄደችም፣ በ8 ናኖሜትር በ8 ናኖሜትር እየዘለለች ሄደች እንጂ። ናኖሜትር ማለት አንድ ሚሊሜትር ለሚሊዮን ሲከፈል ነው። ሐዲዱ የተገጣጠመባቸው ጡቦችም ርዝመታቸው 8 ናኖሜትር ነውና ኪኔሲን በየጡቡ ይረግጣል ማለት ነው። በ2004 ደግሞ ቱርካዊው አህመት ይልዲዝና ባልደረቦቹ አንዱን እግር ብቻ በሚያበራ ቀለም ነቀሱት። ያ እግር በአንዴ ወደ 16 ናኖሜትር ይዘላል፣ ከዚያ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል፣ ደግሞ ይዘላል። እግር እያፈራረቀ እንደሚራመድ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ቪዲዮው የሚዋሸው ሌላ ቦታ ላይ ነው። እዚያ ያየኸው ኪኔሲን ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ ሽርሽር የወጣ ሰው ነው የሚመስለው። እውነተኛው በሰከንድ ወደ 100 እርምጃ ይሄዳል፤ የውኃ ሞለኪውል ከየአቅጣጫው ይደበድበዋል፤ ዙሪያውም ቪዲዮው ላይ እንዳለው ባዶ ሜዳ ሳይሆን በፕሮቲን ጢም ያለ ነው። ደግሞም ብቻውን ረጅም መንገድ አይሄድም። አንድ ማይክሮሜትር አካባቢ ሄዶ ከሐዲዱ ይወድቃል፤ ለዚህም ነው አንድ ጭነት ላይ ብዙ ሆነው የሚሠሩት። ብዙ ጊዜ ዳይኒንም እዚያው ጭነት ላይ አብሮ ታስሯል፤ ስለዚህ ጭነቱ ወደፊት ሄዶ ይቆማል፣ ትንሽ ወደኋላ ይላል፣ እንደገና ይነሣል።

እውነተኛ ፊልም ማየት ከፈለግህ በ2010 ጃፓን ካናዛዋ የቶሺዮ አንዶ ቡድን ያወጣውን ፈልግ። ኪኔሲን ሳይሆን ማዮሲን 5 የሚባለው የማዮሲን ዓይነት ነው። በጣም ቀጭን መርፌ እየዳበሰ ምስል በሚያነሣ ማይክሮስኮፕ የተቀዳ ነው። ምስሉ ደብዛዛ ነው፣ ጥራጥሬ የበዛበት። እኔ ግን ከአኒሜሽኑ እሱን እመርጣለሁ።

እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር መጀመሪያ ያየው ማነው? እንዴትስ ያዙት? (ከመቀሌና ከባሕር ዳር፣ ሁለት ደብዳቤ)

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር፣ ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው።

በ1983 ሮናልድ ቬል ካሊፎርኒያ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። ያስጨነቀው የነርቭ ጉዳይ ነው። ከነርቭ ጫፍ የተነሣ ነገር ያን ያህል መንገድ ተጉዞ እንዴት የሴሉ ዋና አካል ጋ ይደርሳል? እዚያው ግቢ ደግሞ ማይክል ሺትዝና ጄምስ ስፑዲክ አንድ አስገራሚ ነገር አሳይተው ነበር። ጥቃቅን ዶቃዎችን ማዮሲን ቀብተው ኒቴላ የምትባል የውኃ ተክል ሴል ውስጥ ሲያስቀምጧቸው፣ ዶቃዎቹ በአክቲን ክሮች ላይ ነጎዱ። ቬልና ሺትዝም «እንግዲያው ነርቭ ውስጥም የሚጎትተው ማዮሲን መሆን አለበት» ብለው አሰቡ።

ይህን ለመሞከር ስኩዊድ ያስፈልጋል። ስኩዊድ እንደ ኦክቶፐስ ያለ የባሕር እንስሳ ነው፤ አንዱ የነርቭ ክሩ እስከ አንድ ሚሊሜትር ይወፍራል፣ ያለ ማይክሮስኮፕ በዓይን ይታያል። ችግሩ ያን ዓመት ኤል ኒኞ ሆነና ስኩዊዱ ከካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ጠፋ። እኛ ኤል ኒኞን በድርቅ ነው የምናውቀው፣ እነሱን ስኩዊድ አሳጣቸው። ዕቃቸውን ሸክፈው አሜሪካን አቋርጠው ማሳቹሴትስ፣ ዉድስ ሆል የሚገኘው የባሕር ሕይወት ቤተ ሙከራ ሄዱ። እዚያ ቶማስ ሪስ ነበር፣ ማይክሮስኮፑም ቪዲዮ ካሜራ የተገጠመለት ነበር።

ግምታቸው አልሠራም። ዕቃው የሚሄድበትን ክር ለይተው ሲያዩት አክቲን ሳይሆን ማይክሮቲዩብል ሆኖ ተገኘ። በማይክሮቲዩብል ላይ ዕቃ ይዞ የሚሄድ ሞተር ደግሞ ያኔ አይታወቅም።

ከዚያ የሆነው ነው እኔን ሁሌም የሚያስደንቀኝ። ከነርቩ የተጨመቀውን ፈሳሽ ለይተው፣ ንጹሕ ማይክሮቲዩብል ጨምረው መስታወት ላይ አደረጉት። የጠበቁት ዕቃው በሐዲዱ ላይ ሲሄድ ማየት ነበር። ሐዲዱ ራሱ ተነሥቶ መስታወቱ ላይ መሄድ ጀመረ! ምክንያቱ ሲገባቸው ቀላል ነው፤ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ሞተር እግሩን ወደ ላይ አድርጎ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ መራመድ ሲጀምር ከላዩ ያለውን ሐዲድ ይገፋዋል። እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ዙሪያ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ይህንኑ ዘዴ ይጠቀሙበታል።

አሁን ሞተሩን መያዝ ቀረ። ሴል የሚያነደው ነዳጅ ኤቲፒ ይባላል። ኤቲፒን የሚመስል ግን የማይነድ የውሸት ነዳጅ አለ። ሬይመንድ ላሴክና ስኮት ብሬዲ ይህ የውሸት ነዳጅ ነርቭ ውስጥ ሲጨመር ዕቃው ሁሉ ሐዲዱ ላይ ተጣብቆ እንደሚቀር አይተው ነበር። እነ ቬል በዚህ ተጠቀሙ። የውሸት ነዳጁን ሰጡት፣ ፕሮቲኑ ሐዲዱን ጨብጦ ቀረ፣ ሐዲዱን ከነያዘው ፕሮቲን ለቅመው አወጡ፣ ከዚያ እውነተኛውን ኤቲፒ ሲሰጡት ለቀቀ። ተያዘ። በ1985 ኪኔሲን ብለው አወጡት።

ዳይኒን በዕድሜ ታላቅ ነው። ኢያን ጊቦንስ በ1960ዎቹ ቴትራሃይሜና ከምትባል ባለ አንድ ሴል ፍጥረት ፀጉሮች ውስጥ አግኝቶት ነበር። የሴሉን ዕቃ ወደ መሃል የሚመልሰው ዘመዱ ግን የታወቀው በ1987 በሪቻርድ ቫሊ ቡድን ነው። ቬል፣ ሺትዝና ስፑዲክ በ2012 የላስከር ሽልማትን ወስደዋል፤ ጊቦንስና ቬል ደግሞ በ2017 የሻው ሽልማትን። ኖቤሉ አልመጣም። በእኔ አስተያየት ዘግይቷል።

ምች ሲመታኝ ሁሌ እዚያው የከንፈሬ ጥግ ላይ ነው የሚወጣው። ለምን ሌላ ቦታ አይወጣም? (ከደብረ ብርሃን)

ጥያቄሽ ከሞተር ፕሮቲን ጋር አይገናኝም ብለሽ ይቅርታ ጠይቀሻል። ከማንም በላይ ይገናኛል።

መጀመሪያ እንስማማ፤ እኛ ምች የምንለው ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም። ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ፣ አቃጥሎ፣ ቅርፊት ሠርቶ የሚድነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው። አትደንግጪ። ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ ከግማሽ በላዩ ይህን ቫይረስ ተሸክሟል፤ አብዛኛው ሰው የሚይዘው በልጅነቱ፣ በመሳሳም ነው።

ቫይረሱ መጀመሪያ ከንፈርሽ ላይ ሲገባ እዚያ ያለው የነርቭ ጫፍ ውስጥ ይሰርጋል። የራሱ እግር የለውም። ዳይኒንን ይይዝና በሐዲዱ ወደ መሃል ይሄዳል፣ ጆሮ አካባቢ ራስ ቅል ውስጥ እስካለው የነርቭ ሴሎች ክምችት ድረስ። እዚያ ይተኛል። ለዓመታት ሊተኛ ይችላል። ትኩሳት፣ ኃይለኛ ፀሐይ፣ ድካም ወይም ጭንቀት ሲመጣ ይነቃና በዚሁ በመጣበት ነርቭ፣ አሁን በኪኔሲን ተሳፍሮ ይመለሳል። ነርቩ የሚያልቀው ያቺው የከንፈርሽ ጥግ ላይ ነውና ብዙውን ጊዜ የሚወጣው እዚያው ነው። «ፀሐይ ላይ ቆሜ ምች መታኝ» የሚሉት እናቶቻችን ከፀሐዩ ጋር ማያያዛቸው ከባዶ ሜዳ አልመጣም።

ዳማከሴውን ተዪ አልልም፣ ሽታውን እኔም እወደዋለሁ። የተኛውን ቫይረስ ግን ከነርቭ አያወጣውም። አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒትም ቢሆን የነቃውን እንዳይባዛ ነው የሚያደርገው፤ ማሳከክ እንደጀመረሽ፣ ሳይፈነዳ ከወሰድሽው ነው የሚጠቅምሽ። ቁስሉ ሳይድን ሕፃን አትሳሚ።

የጎረቤታችንን ልጅ ውሻ እግሩን ነክሶት ስድስት ሳምንት ሆነው። ምንም አልሆነም። ውሻው ጠፍቷል። አሁን አልፎለታል ማለት ነው? (ከጎንደር አካባቢ)

ለዚህች እህት ደብዳቤው እንደደረሰን በስልክ መልሰንላታል፤ እዚህ የማወጣው ለሌሎቻችሁ ነው። አላለፈለትም። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስም እንደ ሄርፒሱ በዳይኒን ነው የሚሄደው። ከምራቁ ወደ ቁስሉ፣ ከቁስሉ ወደ ነርቭ ጫፍ፣ ከዚያ በነርቩ ውስጥ ወደ ህብለ ሰረሰርና ወደ አንጎል። በመንገድ ላይ ሳለ ሰውየው ምንም አይሰማውም። ብዙ ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ አንዳንዱ ላይ በሳምንት፣ አንዳንዱ ላይ ከዓመት በኋላ። ፊትና አንገት ላይ የተነከሰ የባሰ አደጋ ውስጥ ነው፤ ለአንጎል ቅርብ ነውና። እግር ሩቅ ነው፤ ይህ ጊዜ ይሰጣል እንጂ አያድንም። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ሰው ሲነከስ፣ ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ። ሰዓት እያያችሁ፣ 15 ደቂቃ ረጅም ነው። ከዚያ ክትባት፤ ቁስሉ ከደማ ደግሞ ሐኪሙ ቁስሉ ላይ የሚወጋ ተጨማሪ መድኃኒት አለ። ወራት ካለፉም፣ ምልክት እስካልታየ ድረስ ክትባቱ ይሰጣል። ጠበል መውሰድ የሚፈልግ ይውሰድ፣ እኔ አልከለክልም፤ ግን ከጤና ጣቢያው መልስ።

አንድ ሌላ አንባቢ «ታዲያ ዳይኒንን በመድኃኒት ብናቆመው ቫይረሱ አይቆምም?» ብሎ ጠይቋል። ይቆማል፤ ነርቭህም አብሮ ይቆማል።

እናቴ የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ናት፣ ፓክሊታክሰል ይሰጧታል። ጣቶቿ ደነዘዙ፣ መጀመሪያ የእግሯ፣ ከዚያ የእጇ። ካንሰሩ ተዛምቶ ይሆን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

እህቴ፣ ያልሽው አመጣጥ በመድኃኒቱ በጣም የሚታወቅ ነው። ያም ሆኖ ለሐኪሟ ዛሬ ንገሪያት፤ መለየት የእሷ ሥራ ነው።

ፓክሊታክሰል የሚመታው ራሱን ማይክሮቲዩብሉን ነው፤ ግትር አድርጎ ያቆየዋል፣ እንዳይፈታና እንዳይታደስ ያደርገዋል። ሴል ለሁለት ሲከፈል ሐዲዶቹን ፈትቶ እንደገና መዘርጋት አለበት፤ ካንሰር ደግሞ ሥራው መከፈል ነውና እዚያ ላይ ይሰናከላል። ነርቭ አይከፈልም። ግን ያለ ሐዲድ አይኖርም። ከወገብ እስከ እግር ጣት የሚደርስ አንድ የነርቭ ሴል ርዝመቱ ወደ አንድ ሜትር ነው፣ የሚያስፈልገው ፕሮቲን በአብዛኛው የሚሠራው ግን እዚያ ላይ ወገብ አጠገብ ነው። ፈጣኑ ጭነት በቀን እስከ 400 ሚሊሜትር ይሄዳል፣ ስለዚህ ሁሉ ደህና ሲሆን እንኳ ጣት ለመድረስ ሁለት ቀን ተኩል ይፈጅበታል። ሞተር ባይኖርና ጭነቱ ዝም ብሎ እየተንሳፈፈ ይድረስ ቢባል በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ያስፈልጉት ነበር። ሐዲዱ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚራበው እንግዲህ ሩቁ ነው፤ የእግር ጣት፣ ቀጥሎ የእጅ ጣት። ሐኪሞች ድንዛዜው ካልሲና ጓንት ያጠለቀ ይመስላል የሚሉት ለዚህ ነው። ቪንክሪስቲን የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ልጆች ያሏችሁም ተመሳሳይ ነገር ልታዩ ትችላላችሁ።

ሐኪሟ መጠኑን ልትቀንስ ወይም ልታራርቀው ትችላለች፤ እናትሽ ግን ራሷ ቀጠሮ እንዳትቀር። ሕመም ካለው ዱሎክሴቲን ስለሚባለው መድኃኒት ጠይቂ። እስከዚያው ውኃ ሙቀቱን በክርኗ ትለካ፣ በባዶ እግሯ አትሂድ፣ ማታ ማታ እግሯን አንቺ እይላት፤ ሲቆስል ላይሰማት ይችላል።

ለዓረብ አገር ሥራ የጤና ምርመራ ሳደርግ ራጅ ያነሣኝ ሰው «ልብሽ በቀኝ ነው» ብሎ ሰው ጠርቶ አሳየብኝ። እኔ ግን ታምሜ አላውቅም። ምንድን ነው? (ከጅማ)

ሰው ጠርቶ ማሳየቱ ነውር ነው። አንቺ ግን ብቻሽን አይደለሽም፤ ከ10 ሺህ ሰው አንድ አካባቢ እንዲህ ነው፣ ብዙዎቹም ጤነኞች ናቸው።

ማህፀን ውስጥ ሽሉ ገና በጣም ትንሽ ሳለ ግራና ቀኙን አያውቅም። አንድ ጉድጓድ መሰል ቦታ ላይ ሲሊያ የሚባሉ ጥቃቅን ፀጉሮች እየተሽከረከሩ ፈሳሹን ወደ ግራ ያፈስሱታል፤ ግራው ግራ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። ፀጉሮቹን የሚያሽከረክራቸው ዳይኒን ነው፣ ለመሠራት ደግሞ ኪኔሲን ያስፈልጋቸዋል። በ1998 ቶኪዮ የኖቡታካ ሂሮካዋ ቡድን ከነዚህ ኪኔሲኖች አንዱን ከአይጥ ሽሎች ሲያጠፋ ፀጉሮቹ ሳይበቅሉ ቀሩ፤ የልባቸው አቅጣጫም እንደ ዕድል ሆነ፣ አንዳንዱ ወደ ግራ፣ አንዳንዱ ወደ ቀኝ።

ከሕፃንነትሽ ጀምሮ የማይለቅ አክታ ያለው ሳል፣ ሳይነስ ወይም የጆሮ መግል ካለሽ ሐኪም ይይሽ፤ ያው ዳይኒን የሳንባንም ፀጉሮች ያንቀሳቅሳልና። በ1976 ስዊድናዊው ቢዮርን አፍዜሊየስ ይህን ያገናኘው እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው፤ ሳንባቸው ይታመም ነበር፣ የወንዶቹ ዘርም (ስፐርም) አይዋኝም ነበር። ይህ ከሌለብሽ አንድ ነገር ብቻ ያዢ፤ ለማንኛውም ሐኪም አስቀድመሽ ንገሪው። ሌላውም የሆድ ዕቃሽ ተገልብጦ ከሆነ ትርፍ አንጀትሽ በግራ ነውና ሕመሙ ቦታ ያሳስታል።

ኪኔሲንን ያየ ሰው ፈጣሪ የለም ሊል ይችላል? (ከደሴ፣ ከአዳማና ከቴል አቪቭ)

የሚልም አለ፣ የማይልም አለ፤ በማይክሮስኮፕ አይለይም። ሳይንሱ የሚጨምረው አንድ ነገር ነው። በ1996 የኪኔሲን የውስጥ ቅርጽ ሲታወቅ፣ ሞተሩ ከጡንቻው ማዮሲን ጋር ባልተጠበቀ ሁኔታ ተመሳስሎ ተገኘ። ሐዲዳቸው የተለያየ ነው፣ ሥራቸው የተለያየ ነው፣ አያታቸው ግን አንድ ሳይሆን አይቀርም።

ኪኔሲንን የሚያጠነክር ቫይታሚን በኦንላይን እየተሸጠ ነው። ልግዛ? (ከሪያድ)

አይ። ብርህን ያዝ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ይህን ለማየት ውድ ማይክሮስኮፕ የግድ ነው? ትምህርት ቤታችን ያለው አሮጌው ነው። (ከሐዋሳ)

ኪኔሲንን ራሱን ለማየት አዎ። ሞተር ሲሠራ ለማየት ግን የናንተው ይበቃል፣ 400 ጊዜ የሚያጎላ ከሆነ።

ቀይ ሽንኩርት ቁረጥ። ከአንዱ ልጣጭ የውስጠኛው ጎድጓዳ ገጽ ላይ ስሷን ሽፋን በጥፍርህ ላጣት፤ እንደ ላስቲክ ሆና ትነሣለች። ስላይድ ላይ በአንድ ጠብታ ውኃ ዘርግተህ ክደናት። መምህራችሁ አዮዲን ጨምሩ ይላሉ፤ በትሕትና እምቢ በል፣ አዮዲን ሴሉን ይገድለዋል፣ የሞተ ሴል ደግሞ ምንም አያንቀሳቅስም። ብርሃኑን ቀንስ። በሴሉ ግድግዳ ዳር ዳር ወይም አስኳሉ አጠገብ ባሉ ቀጫጭን ክሮች ላይ ጥቃቅን ነጥቦች ታያለህ። መጀመሪያ የቆሙ ይመስላሉ፤ አንዱን መርጠህ ዓይንህን ሳትነቅል ጠብቅ። እየተንቀጠቀጠ ብቻ ካየኸው የውኃ ግፊያ ነው። ወደ አንድ አቅጣጫ መስመር ይዞ ከሄደ ግን ማዮሲን እየጎተተው ነው። አምስት ደቂቃ ጠብቀህ ምንም ካልሄደ ሽፋኑ ሲላጥ ተጎድቷልና ሌላ ላጥ፤ ሽንኩርቱም የደረቀ ከሆነ ትኩስ ፈልግ።